ማንም ያላያት የላቦራቶሪ ወረቀት፦ ማስረጃ የማሳወቅ ግዴታ ከየት ይጀምራል? (የጉዳይ ጥናት)

ዐቃቤ ሕግ ማስረጃ የማሳወቅ ግዴታ አለበት ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ወደ ሐሳቡ የሚመጣለት ለተከሳሹ የሚጠቅም ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ከቶ የሚቆልፍ ዐቃቤ ሕግ ነው። እንዲህ ያለው አይደርስም አልልም። ዛሬ የምጽፍበት ጉዳይ ግን ዐቃቤ ሕጉ ራሱ ወረቀቷን አይቷት የማያውቅበት ነው። አልተቀደደችም፣ አልተቃጠለችም፤ አንድ ሆስፒታል መዝገብ ውስጥ ቦታዋን ይዛ ተቀምጣ ነበር። እሷ እዚያ ሳለች አንዲት እናት ሁለት ልጆቿን ገድላለች ተብላ ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባት፤ የመጀመሪያ ይግባኟም ውድቅ ሆነ።

ጉዳዩ የእንግሊዝ ነው። ፍርዱ ታትሞ ለማንም ክፍት ነው፤ ሆኖም በቤተሰቡ ላይ የደረሰው በቂ ስለሆነ የማንንም ስም አልጠራም። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዳራ

ባልና ሚስቱ ሁለቱም የሕግ ባለሙያዎች ነበሩ። የመጀመሪያ ልጃቸው በዲሴምበር 1996 በ11 ሳምንቱ ሞተ። አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም የሞቱ ምክንያት የታችኛው መተንፈሻ አካል ኢንፌክሽን ነው ብሎ መዘገበ፤ ማንም ማንንም አልጠረጠረም። በጃንዋሪ 1998 ሁለተኛው ልጃቸው በ8 ሳምንቱ ሞተ። አስከሬኑን የመረመረው ያው ሐኪም ነበር። በዚህ ጊዜ ግን ሕፃኑ በኃይል ተንጦ ነው የሞተው አለ። ወደ ኋላ ተመልሶም የመጀመሪያውን ልጅ ውጤት ለወጠና ታፍኖ ነው የሚል አስተያየት ሰጠ። እናቲቱ በሁለት ግድያ ተከሰሰች።

ክሱ የዓይን ምስክር አልነበረውም። የእምነት ቃልም አልነበረም። የቆመው በሐኪሞች አስተያየትና በሁለቱ ሞቶች መመሳሰል ላይ ነው። የሐኪሞቹም አስተያየት ችሎቱ እየተሰማ ሳለ ይንሸራተት ነበር፤ ለሁለተኛው ልጅ መጀመሪያ የተባለው መናጥ እየቀረ ነገሩ ወደ መታፈን አዘነበለ።

በዚህ መሐል አንድ የሕፃናት ሐኪም ምስክር ቁጥር ይዞ መጣ። እንደዚህ ባለ ቤተሰብ አንድ ሕፃን ሳይታሰብ በድንገት የሚሞትበት ዕድል ከ8,543 አንድ ነው፤ ሁለት ሕፃናት የሚሞቱበት ደግሞ ይህ ቁጥር በራሱ ተባዝቶ ከ73 ሚሊዮን አንድ ነው አለ። ስሌቱ ስሕተት ነበር። የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች፣ በአንድ ቤት ያደጉ፣ ደማቸውም ኑሯቸውም አንድ ነው፤ አንዱን የገደለ ድብቅ በሽታ ሌላውንም ሊነካ ይችላልና ሁለቱ ሞቶች እንደማይተዋወቁ ተቆጥሮ ማባዛት አይቻልም። ይህ የተነገረው ግን ከሕዝብ ለተውጣጡ የጁሪ አባላት ነው። 73 ሚሊዮን የሚል ቁጥር አንድ ጊዜ ጆሮ ከገባ በኋላ ማን ያወጣዋል?

በኖቬምበር 1999 የቼስተር ከተማ ፍርድ ቤት ጁሪ 10 ለ2 በሆነ ድምፅ ጥፋተኛ አላት። በኦክቶበር 2000 የመጀመሪያው ይግባኝ ተሰማ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በቁጥሩ አቀራረብ ላይ ስሕተት መኖሩን ቢቀበልም ቀሪው ማስረጃ እጅግ ጠንካራ ነው በማለት ፍርዱን አጸና። ያ «ቀሪው ማስረጃ» ጎዶሎ መሆኑን ግን በችሎቱ ከተቀመጡት አንድም ሰው አያውቅም ነበር።

ወረቀቷ ላይ የነበረው

ነገሩ የሚገባው ወረቀቷን ቀረብ ብሎ ላያት ነው። የሁለተኛው ልጅ አስከሬን ሲመረመር ከተለያየ የሰውነቱ ክፍል ናሙና ተወስዶ ባክቴሪያ ይኑር አይኑር እንዲታይ ወደ ሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ተልኮ ነበር። ውጤቱም መጣ፤ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ የተባለው ባክቴሪያ ከአንድ በላይ በሆነ ናሙና ውስጥ በቅሏል። ይህ ባክቴሪያ በጤነኛ ሰው አፍንጫና ቆዳ ላይም ይኖራል፤ አፍንጫ ውስጥ ተገኘ ቢባል ብዙም አያስደንቅም። የተገኘው ግን አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን በሚያጥበው ፈሳሽ ውስጥም ጭምር ነው። እዚያ ቦታ በጤነኛ ሰው ምንም ዓይነት ባክቴሪያ መኖር የለበትም። በዚያ ላይ ሰውነት ከኢንፌክሽን ጋር ሲታገል የሚያዘምታቸው ነጭ የደም ሴሎች በፈሳሹ ታይተዋል። አስከሬን ሴል አያዘምትም።

ይህ ማለት ልጁ በእርግጥ በኢንፌክሽን ነው የሞተው ማለት አይደለም። ኋላ ጉዳዩ እንደገና ሲሰማ በእናቲቱ በኩል የቀረቡ ባለሙያዎች በሰውነቱ የተሠራጨ ኢንፌክሽን ነው የሚል ግልጽ አቋም ያዙ፤ በዐቃቤ ሕግ በኩል የቀረቡት ደግሞ ከሞት በኋላ የደረሰ ብክለት ሊሆን ይችላል አሉ። ሁለቱም የሚከራከሩበት ነገር አላቸው። የ1999ኙ ጁሪ ግን ይህን ክርክር ጨርሶ አልሰማም።

ውጤቱ አስከሬኑን በመረመረው ሐኪም እጅ የገባው በፌብሩዋሪ 1998 ነው፤ ችሎቱ ሊሰማ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ሲቀረው ማለት ነው። በአስከሬን ምርመራ ሪፖርቱ ውስጥ አልጻፈውም። ለፖሊስ አልነገረም፤ ለዐቃቤ ሕግም አልነገረም። አብረውት ስለዚያው ሕፃን አስተያየት ለሚሰጡት ሌሎች ሐኪሞችም አላሳያቸውም። ኋላ ሲጠየቅ የሰጠው ማብራሪያ ከሞቱ ምክንያት ጋር አይገናኝም ብሎ ያመነበትን ውጤት በሪፖርቱ ማስገባት ልማዱ እንዳልሆነ ነው። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ይህ ልማድ በሙያ ባልደረቦቹ ዘንድ ተቀባይነት ካለው አሠራር ፈጽሞ የወጣ መሆኑን በግልጽ ነቅፏል።

«አይገናኝም» የምትለዋ ቃል የዚህ ጉዳይ ማጠንጠኛ ናት። ሐኪሙ ባክቴሪያው ሕፃኑን አልገደለውም ብሎ ማመን መብቱ ነው፤ አስተያየቱን ሊሰጥ ነው የተጠራው። የእሱ ያልሆነው ሥልጣን ሌላው ሰው ውጤቱን አይቶ በተቃራኒው እንዳይከራከር መወሰን ነው።

በጊዜው የነበረው ሕግ

ሕግ አልነበረም እንዳይባል ሕጉ ነበር። በ1974 በእንግሊዝ አውራ ጎዳና ላይ አንድ አውቶቡስ በቦምብ ተመትቶ 12 ሰዎች ሞቱ፤ በዚያም አንዲት ሴት ተፈረደባት። በ1992 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ሻረ። ከምክንያቶቹ አንዱ የመንግሥት ፎረንሲክ ባለሙያዎች ክሱን የሚያዳክሙ የሙከራ ውጤቶችን ሳይገልጡ መቅረታቸው ነው። ያን ጊዜ ፍርድ ቤቱ ያስቀመጠው መርሕ ግዴታው ችሎት ላይ በሚቆመው ጠበቃ ብቻ አያበቃም፤ ለከሳሹ ወገን የሚሠራውን የሳይንስ ባለሙያም ይጨምራል የሚል ነው። የእናቲቱ ችሎት በተሰማበት በ1999 ይህ ፍርድ 7 ዓመት ሞልቶት ነበር።

ከዚያ በ1996 ማስረጃ ማሳወቅን በዝርዝር የሚገዛ ሕግ ወጣ። ከሕጉ ጋር የወጣው መመሪያ መርማሪው ወደ ተጠርጣሪው የሚያመለክተውንም ከተጠርጣሪው የሚያርቀውንም ተገቢ የምርመራ መንገድ ሁሉ እንዲከተል ያዝዛል። የስትራስቡርጉ የአውሮፓ ሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤትም በ1992 ዐቃቤ ሕግ ተከሳሹን የሚጎዳም የሚጠቅምም ፍሬ ነገር ያለው ማስረጃ ሁሉ ለተከላካይ ማሳወቁ የፍትሐዊ ዳኝነት ግዴታ ነው ብሏል።

እንግዲህ መርሑ አለ፣ ሕጉ አለ፣ መመሪያው አለ። የጎደለው የሰንሰለቱ የመጀመሪያ ቀለበት ነው። አሠራሩ የሚሄደው ሐኪሙ ለፖሊስ፣ ፖሊስ ለዐቃቤ ሕግ፣ ዐቃቤ ሕግ ለተከላካይ እያስተላለፈ ነው። ሐኪሙ በልቡ «ይህ አይጠቅምም» ብሎ ካስቀረው ከእሱ በኋላ ያሉት ሁሉ በቅንነት ሳያውቁ ይቀራሉ። ዐቃቤ ሕጉ እጁ ላይ ያለውን ሁሉ ሰጥቻለሁ ብሎ ቢምል እንኳ መሐላው እውነት ነው።

በብዙ ሥርዓት የተከሳሽ መብት የሚነገረው «የቀረበበትን ማስረጃ» የማየት መብት ተብሎ ነው። ይህች ወረቀት በእናቲቱ ላይ አልቀረበችም፤ በማንም ላይ አልቀረበችም። ግዴታውን ከቀረበው ማስረጃ ጋር ብቻ አስረን ካነበብነው ይህ ጉዳይ ጨርሶ አይያዝም። ምርመራው የሰበሰበው ነገር ሁሉ፣ ቀረበም አልቀረበም፣ በግዴታው ውስጥ መግባት አለበት የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

የተወሰዱት እርምጃዎች

ይግባኙ ወድቋል፤ ሴትዮዋ እስር ቤት ናት። ባልየው መዝገብ ማሳደድ ያዘ። ያለ ክፍያ ከጎኑ የቆመች አንዲት የሕግ ባለሙያም ነበረች። ከሆስፒታሉ የልጁን የሕክምና መዝገብ ሙሉውን ጠየቁ። ቀላል አልነበረም፤ ብዙ መመላለስና መወትወት ጠይቋል። በመጨረሻ የተሰጣቸው ከአንድ ሺህ ገጽ በላይ የሆነ ክምር ነው። የባክቴሪያ ምርመራው ውጤት የተገኘው በዚያ ክምር ውስጥ ነው።

ጠበቃ ሆኖ ክምር መዝገብ ገልጦ የሚያውቅ ሰው ይህን ያውቀዋል። የሙቀት መጠን፣ የነርስ ማስታወሻ፣ የመድኃኒት ትእዛዝ፣ ሁለት ጊዜ የተባዛ ገጽ፣ የማይነበብ የእጅ ጽሑፍ ይደረደራል፤ ከዚያ አንዲት ገጽ ላይ ዓይን ይቆማል። ባለሙያ ያልሆነ ሰው የባክቴሪያ ስም አንብቦ ትርጉሙን አያውቅም። ሆኖም «ይህን ማንም አልነገረንም» ማለቱን ያውቃል። ወረቀቷን ለማይክሮባዮሎጂ ባለሙያ አሳዩ፤ ክርክሩም ከዚያ ጀመረ።

ቀጣዩ እርምጃ አንድ ጊዜ የወደቀን ይግባኝ መልሶ ፍርድ ቤት ማስገባት ነበር። በእንግሊዝ ለዚህ የተቋቋመ ነፃ አካል አለ፤ የወንጀል ጉዳዮች ክለሳ ኮሚሽን ይባላል። ሥራውን የጀመረው በ1997 ነው። ከመንግሥት ተቋማት ሰነድ የማስቀረብ ሥልጣን አለው፤ ፍርዱ ሊሻር የሚችልበት በቂ ተስፋ ካየ ጉዳዩን ለይግባኝ ፍርድ ቤት ይመራዋል። ኮሚሽኑ በ2002 ጉዳዩን መራው።

ሁለተኛው ይግባኝ በጃንዋሪ 2003 ተሰማ። ጥያቄው «ሴትዮዋ ንጹሕ ናት ወይ?» አልነበረም። የእንግሊዝ የይግባኝ ሕግ የሚጠይቀው የጥፋተኝነት ፍርዱ አስተማማኝ ነው ወይ ብሎ ነው። ፍርድ ቤቱ የባክቴሪያውን ክርክር እኔ ልፍታው አላለም፤ ይህ ጁሪው ሊሰማውና ሊመዝነው የሚገባ ማስረጃ ነበር፣ ሰምቶት ቢሆን ኖሮ ውሳኔው ሌላ ሊሆን ይችል ነበር አለ። ሁለቱ ክሶች አንዱ ሌላውን ደግፈው የቆሙ ስለሆኑ የሁለተኛው ልጅ ክስ ሲናድ የመጀመሪያውም አብሮ ወደቀ። ሁለቱም ፍርዶች ተሻሩ፤ ዐቃቤ ሕግም ጉዳዩ እንደገና ይሰማልኝ ብሎ አልጠየቀም። ከሦስት ዓመት በላይ ታስራ የነበረችው እናት በዚያው ቀን ወጣች።

ስለ 73 ሚሊዮኑ ቁጥርም ፍርድ ቤቱ ነጥቡ በሙሉ ተከራክሮበት ቢሆን ኖሮ ይግባኙን ለመቀበል ብቻውን ሳይበቃ አይቀርም ብሏል። የእንግሊዝ የንጉሣዊው ስታቲስቲክስ ማኅበር ቀደም ብሎ በ2001 ስሌቱ መሠረት እንደሌለው በይፋ አስታውቆ ነበር።

የሠራውና ያልሠራው

የሠራው በመጀመሪያ ደረጃ ጥሬ መዝገቡን መጠየቅ ነው። ሪፖርት የጸሐፊው ምርጫ ነው፤ ምን እንደሚገባና ምን እንደሚቀር የሚወስነው የጻፈው ሰው ነው። ጥሬው መዝገብ ግን እንዲህ ዓይነት ምርጫ ያልጎበኘው ነው። በችሎቱም በመጀመሪያው ይግባኝም የተከራከሩት ሁሉ የያዙት ሪፖርቱን ነበር፤ በሪፖርቱ ላይ የፈለገውን ያህል ብልህ መስቀለኛ ጥያቄ ቢቀርብ ያልተጻፈውን አያወጣም።

ሁለተኛ የሠራው ከፖሊስም ከዐቃቤ ሕግም ከፍርድ ቤትም ውጭ የሆነ፣ ሰነድ የማስቀረብ ጥርስ ያለው አካል መኖሩ ነው። ይህ ባይኖር ቤተሰቡ ወረቀቷን ይዞ በየትኛው በር ይገባ እንደነበር አላውቅም።

ያልሠራው የመጀመሪያው ይግባኝ ነው። በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ይግባኝ የሥር ፍርድ ቤትን ስሕተት ያርማል እንላለን፤ ነገር ግን ይግባኝ የሚያርመው መዝገቡ ላይ የሚታየውን ስሕተት ነው። ከመዝገቡ የጎደለ ነገር በይግባኝ አይታይም። እንዲያውም የባሰ ያደርገዋል፤ የላይኛው ፍርድ ቤት ጎዶሎውን መዝገብ መርምሮ «ጠንካራ ነው» ሲል ጎዶሎው መዝገብ ሁለት ፍርድ ቤት ያጸደቀው ይሆናል። ስትራስቡርግ በ2000 በሌላ የእንግሊዝ ጉዳይ ይህን የሚነካ ነገር ብሏል። በዚያ ጉዳይ ዐቃቤ ሕግ ማስረጃውን ያስቀረው ለችሎቱ ዳኛ እንኳ ሳያሳይ ነበር፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ኋላ ማየቱ ጉድለቱን አላቃናውም ተባለ። የይግባኝ ዳኞች ምስክሮቹን ሲናገሩ አላዩም፤ ማስረጃው በጁሪው ላይ ምን ያደርግ እንደነበር በወረቀት ላይ መገመት ብቻ ነው የሚቀራቸው።

ያልሠራው ሌላው የባለሙያዎች ብዛት ነው። በሁለቱም ወገን ስመ ጥር ሐኪሞች ነበሩ። ብዛታቸው ዋስትና መስሎ ይታያል፤ ሁሉም የቀዱት ግን ከአንድ ምንጭ ነው። የመጀመሪያው መርማሪ ያስቀረው ከሁሉም ቀረ።

ተጠያቂነቱ ዘግይቶ መጣ። አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም በ2005 በሙያው ተቆጣጣሪ አካል ፊት ከባድ የሙያ ጥፋት ፈጽሟል ተባለ። እናቲቱ በማርች 2007 ሞተች። ቤተሰቧ ከደረሰባት በደል ፈጽሞ እንዳላገገመች ተናግሯል።

ወደ ሌላ መዝገብ የሚሻገር ነገር

ተከላካይ ጠበቃ ለዐቃቤ ሕግ «ለመከላከያችን የሚጠቅም ነገር ካለ ይሰጠን» ብሎ ብቻ ከጻፈ የሚጠቅመውን መለየቱን ለተቃራኒው ወገን አሳልፎ ሰጠ ማለት ነው። ጥያቄው በዕቃ ስም ቢሆን ይሻላል፦ የትኛው ናሙና ተወሰደ፣ ከየት ተወሰደ፣ ወዴት ተላከ፣ ማን ተቀበለው፣ ውጤቱ መቼ ተመለሰ፣ አሁን የት ነው? የተላከ ናሙና ካለ የተመለሰ ውጤት አለ። ሪፖርቱ ውስጥ ከሌለ ዝምታው ራሱ ጥያቄ ነው። የራስህ ባለሙያም አስተያየት ከመስጠቱ በፊት ምን ምን እንዳየ ሳይሆን ምን ምን እንዳላየ በጽሑፍ እንዲነግርህ አድርግ።

ለዐቃቤ ሕግ ደግሞ ግዴታው ቢሮው ውስጥ ካለው ፋይል አልፎ ምርመራው እጁን እስከዘረጋበት ይደርሳል። ከዚህ ጉዳይ በኋላ የእንግሊዝ ዐቃቤ ሕግ ለባለሙያ ምስክሮች ባወጣው መመሪያ ሦስት ግዴታዎች በግልጽ ተቀምጠዋል፦ መመዝገብ፣ ጠብቆ ማቆየት፣ መግለጥ። ባለሙያው የሠራውን ሁሉ ይመዘግባል፣ ያስቀምጣል፣ ያልተጠቀመበትንም ጭምር ለከሳሹ ወገን ያሳውቃል፤ ማጣራቱ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው። በ2003 የወጣው ሕግም ከዚያ በፊት ለዐቃቤ ሕጉ የግል አስተያየት ተትቶ የነበረውን መለኪያ አሻሽሎ፣ ክሱን ሊያዳክም ወይም መከላከያውን ሊያግዝ እንደሚችል በምክንያታዊ ዓይን የሚታይ ነገር ሁሉ ይገለጥ አለ።

ለይግባኝ ዳኛ ደግሞ አንድ ነገር አለኝ። «ቀሪው ማስረጃ ጠንካራ ነው» ከማለት በፊት ቀሪው ማስረጃ ከስንት ምንጭ እንደተቀዳ መቁጠር ይገባል። ከአንድ እጅ የወጣ አሥር አስተያየት አንድ አስተያየት ነው።

እስካሁን የሚያሳስበኝ ነገር ይህ ነው። ወረቀቷ የወጣችው በማስረጃ ማሳወቅ ሕግ በር አይደለም። ባልየው የጠየቀው የገዛ ልጁን የሕክምና መዝገብ ነው፤ አባት ሆኖ ነው የጠየቀው። የሞተው የሌላ ሰው ልጅ ቢሆን፣ ተከሳሿ ሞግዚት ወይም ጎረቤት ብትሆን፣ ያ በር አይኖርም ነበር። በ2014 የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከጥፋተኝነት ፍርድ በኋላ ያለው የማሳወቅ ግዴታ ከፍርድ በፊት ካለው የጠበበ ነው ሲል ወስኗል፤ ፍርዱን የሚያጠራጥር ነገር ብቅ ካለ ይገለጣል፣ እውነተኛ ተስፋ ያለው ተጨማሪ ምርመራም ይደረጋል፤ የተፈረደበት ሰው ግን ምናልባት አንድ ነገር ይገኝ ይሆናል ብሎ መዝገቡን ሁሉ ገልጬ ልይ ቢል መብት የለውም። የውሳኔው ምክንያት ይገባኛል፤ ያለቀ ጉዳይ በየቀኑ ይከፈት ማለት አይቻልም። ነገር ግን ባልየው ሺውን ገጽ ሲጠይቅ ምን እንደሚያገኝ አያውቅም ነበር። ያደረገው ምናልባት አንድ ነገር ይገኝ ይሆናል ብሎ መግለጥ ነው።